ጭራው ላይ ሚዶ የነበረበት አውሮፕላን

ያ አውሮፕላን የማን ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ነጭ ነበር፤ በሌሎቹ አውሮፕላኖች ጎን ላይ የሚታየው ዓይነት ስም አልተጻፈበትም፤ ጭራው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ላይ ሚዶ የሚመስል ቢጫ ምልክት ነበረው። ሚዶ ስል የእንጨቱን፣ ጥርሱ ረጃጅም የሆነውን፣ ጎፈሬ የሚበጠርበትን ማለቴ ነው። ጥርሶቹ ወደ ላይ ነበሩ። ያየሁት ይህን ያህል ነው። ከዚህ በላይ ብጨምር እዋሻለሁ፤ በዚያ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ከበቂ በላይ ተዋሽቷል።

ባለፈው ሰሞን የምሠራበትን ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ሲያጥቡ የበረኪናው ሽታ ገብቶ አላስነብብ አለኝና ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። አብራኝ የምትሠራው ወጣት፣ ቤቲ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋ ይዛ ቆማለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። «እትዬ ወርቄ፣ ይሄን አይተውታል? አውሮፕላኑ ላይ ሲያነጣጥሩት የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ በቃ ሁሉን ይነግርዎታል። አፕ ነው» አለችኝ። «ድሮ ያለፈውንስ?» አልኳት። «የመቼ? የትናንቱን?» «ሃያ ዓመት ገደማ የሆነውን።» ሳቀች። «እሱን እንኳን አይችልም፤ ማለቴ፣ አሁን ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ምነው፣ የጠፋብዎት አውሮፕላን አለ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሽታው ግን ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ካዛንቺስ፣ ጣሪያ ላይ ቆሜ ዋልኩ።

ካዛንቺስ ያን ጊዜ ባለ ፎቅ ቤቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ከእነዚያ በአንዱ፣ አራት ፎቅ ባለው ሆቴል፣ ልብስ እጥበት ክፍል እሠራ ነበር። ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ ማስጫው ግን ጣሪያው ላይ። እርጥቡን አንሶላ በሳፋ ተሸክመን ደረጃውን እንወጣለን፤ ደርቆና ተጣጥፎ ይወርዳል። ከጣሪያው ላይ ሰፈሩ ሁሉ ይታያል። ማታ በቀይ መብራት የሚደምቁት ቡና ቤቶች ቀን ቀን በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ሴቶቹ በነጠላ ጫማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀጉር ይሠራራሉ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካሴት ቤት አንድ አዲስ ካሴት ከመጣለት ሳምንት ሙሉ አንዱኑ ዘፈን ይደጋግማል፤ እኛም ግጥሙን ሳንወድ በግድ እንይዘዋለን። ታክሲ ከካዛንቺስ ለገሃር በሳንቲም ይኬድ ነበር፤ አንድ ብር ይዞ ሻይ በቦምቦሊኖ የበላ ሰው መልስ ይቀበል ነበር። አሁን ይህን ለቤቲ ስነግራት ተረት የምነግራት ይመስላታል። የልብስ እጥበት ክፍሉ ሴቶች ሰማያዊ ሽርጥ ከነጭ ሻሽ ጋር እንለብሳለን፤ እጃችን ክረምት ከበጋ የተቀቀለ ይመስላል፤ ሽታው ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወደ ለቅሶም፣ ወደ አልጋም አብሮን ይሄዳል።

እኔና ታናሽ እህቴ ሮማን የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወላጆቻችን ትተውልን ባለፉት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ በደረቴ ይዞ ሲዞር የኖረ ሰው ነበር። እናታችን ስታርፍ እኔ እንኳን ትልቅ ሰው አልነበርኩም፤ ሮማን ግን ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። እሷ ትማር፣ ወርቄ ትሥራ ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም፤ የሚል ሰው በቤቱ ስላልነበረ ራሴ ሳልለው አልቀርም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አማርኛ ከፊቴ የመጣውን ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ አነባለሁ፤ የፈረንጅ ፊደል ግን ያን ጊዜ ለእኔ የሐረግ ሥዕል ነበር።

ሮማን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጣሪያው ትመጣለች። ትልቅ አንሶላ ብቻውን የቆመ ሰው አያጥፈውም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥራል፣ ተራምዶ ይገናኛል፣ እጅ ለእጅ ይቀባበላል፣ እንደገና ይራራቃል። በዚህ መሐል አውሮፕላን ብቅ ሲል መጀመሪያ ያየችው «ያዝኩ» ትላለች። ሌላዋ «የማን ነው?» ትላለች። የእኛው ባለ ሦስት ቀለም ጭራ አይቆጠርም፤ እሱን ማንም ያውቀዋል። ጨዋታው የሚደምቀው የአፍሪካ መሪዎች ለስብሰባ ሲመጡ ነው። ያን ሰሞን ሆቴሉ በእንግዳ፣ እኛ በአንሶላ፣ ሰማዩ ደግሞ አይተነው በማናውቀው ጭራ ይሞላል፦ ወፍ ያለበት፣ ኮከብ ያለበት፣ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነገር ያለበት።

ሮማን አላውቅም ብላ አታውቅም። «ይሄ የንጉሥ ነው፤ ጭራው ላይ ዘውድ አለው» ትለኛለች። «ዘውድ ነው ወይስ አናናስ?» እላታለሁ። «እታለም ደግሞ። አናናስ የሚያስቀርጽ ንጉሥ የት አለ?» «በደንብ አላየሁትም፤ አላውቅም።» «እንግዲያው ተበላሽ። ሳፋው ያንቺ ነው።» ባዶውን ሳፋ ይዞ መውረድ የተሸናፊ ዕዳ ስለነበር ሁልጊዜ የምሸከመው እኔ ነበርኩ። በደንብ ያላየሁትን ነገር አየሁ ማለት አልችልበትም። ዳኛ በሌለበት ጨዋታ የሚያሸንፈው ሳይጠራጠር የሚናገር ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የሚታየኝ የእሷ ብልህነት ብቻ ነበር። በእሷ ደስ ይለኝ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደ ሆቴሉ የክብር እንግዳ ልብስ በስታርች አጠንክሬ እተኩስላት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ጣሪያው ላይ መምጣት ቀነሰች። ጥናት አለብኝ ትላለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። ትልቁን አንሶላ አንዱን ጫፍ ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ አስይዤ ለብቻዬ ማጠፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሎሚ ገዝታ መጣች። «እጅሽን እሺው፤ የበረኪናውን ሽታ ያጠፋዋል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያሰበችልኝ መስሎኝ ለእማማ ዘይነባ ሳይቀር አወራሁላቸው። እማማ ዘይነባ ከሆቴሉ ማዶ ሱቅ ያላቸው፣ ከወሎ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክር፣ ካልሲ የማይሸጡት የለም። እሳቸውም «እሰይ፣ እህት እንዲህ ናት» ብለው መረቁልኝ።

በእኛ ሰፈር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው አይናገርም። ቪዛ መጣ ከተባለ ዓይን ይበላዋል፣ ምቀኛ ያሰናክለዋል ተብሎ ስለሚፈራ ሻንጣው የሚዘጋጀው በድብቅ ነው። ጎረቤት የሚሰማው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ፣ ቤተሰቡ «እንትና እኮ ገባች» ሲል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሳይሰናበት ከሰፈር ከጠፋ ማንም አይደነግጥም። አለመሰናበቱ ራሱ የመሄዱ ማስረጃ ነው። ሮማንም አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እታለም፣ ቪዛዬ ተመታ» ስትለኝ፣ የጠየቅኋት «የት?» ብዬ ብቻ ነው።

«አረብ አገር ነው። በመሐል የሆነ ቦታ እናርፋለን መሰለኝ። ደላላው ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎኛል፤ ላንቺም መንገር አልነበረብኝም።»

«ኤርፖርት ድረስ ልሸኝሽ።»

«አይሆንም። ብዙ ሴቶች ነን፤ አልቃሽ ይዛችሁ እንዳትመጡ ተብለናል። አንቺ ደግሞ ማልቀስሽ አይቀርም።» ከዚያ ሳቅ ብላ ትከሻዬን ነካችኝ። «ጣሪያው ላይ ሆነሽ ሸኚኝ። ረፋድ ላይ ነው የምንነሣው። የማን አውሮፕላን እንደሆነ ገምቺ፤ ስደውል እጠይቅሻለሁ።»

በማግሥቱ ንጋት ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ጂንስ ጃኬት ለብሳ ነበር፤ ከአንዲት የሆቴላችን እንግዳ ተሰጥቶኝ ለእሷ ያስጠበብኩት ነው። ረፋድ ላይ ጣሪያው ላይ ቆሜ ሰማይ ሰማይ ሳይ ያ አውሮፕላን መጣ። የእኛው ባለ ሦስት ቀለም ቢሆን ኖሮ ምናልባት በኋላ ሰው እጠይቅ፣ አጣራ ነበር። ግን አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር፤ ልክ ለግምት ተብሎ የተላከ። በዚያ ረፋድ እንደሚነሣ ሆቴል ስትመላለስ ከእንግዶች ሰምታ ይሁን፣ ወይስ አምላክ ብቻ ያውቃል እንዲያው ተገጣጥሞ፣ ይህንንም አላውቅም። በላዬ ዞሮ ሲያልፍ እጄ ላይ የነበረውን የትራስ ልብስ አውለበለብኩለት። ከእይታ እስኪጠፋ ሚዶዋን በዓይኔ ያዝኩ። ጭራውን ሳይ ተሳፋሪዋን አላሰብኩም፤ እሷም ይህን አስልታ ይሆናል፣ ታውቀኛለችና።

ከስንት ሱባኤ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሆቴሉ ሥራ ስገባ እማማ ዘይነባ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ጠሩኝ። «ወርቄ፣ የኔ ሸጋ፣ ቶሎ በይ። እህትሽ ናት። የውጭ ስልክ ደቂቃው ይቆጥራል።» ያን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ከውጭ የሚደውሉት በእሳቸው ሱቅ ነበር። ስልኩ ሚዛኑ አጠገብ፣ ክር ጥልፍ ለብሶ ይቀመጣል። አነሣሁት።

«ደህና ገባሽ?» አልኳት።

«ደህና ገባሁ። አየሽኝ?»

«አየሁሽ። ነጭ ነው፤ ጭራው ላይ ሚዶ አለው። ልክ ነኝ?»

«ሚዶ፣ አዎ» አለች። «ውስጥ ያለ ሰው ጭራ አያይም እንጂ ስንሳፈር አይቼዋለሁ።»

«የማን ነው?»

«የአንድ ሀብታም ሼክ ነው» አለች፣ እንደ ድሮዋ ሳትጠራጠር።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት እሑዱ፣ አንዳንዴም በየእሑዱ ትደውላለች። ሌሎቹ እናቶች ሱቁ ውስጥ ስልኩን ጨብጠው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እያሉ ይጮኻሉ፤ መንገደኛ ሁሉ የቤታቸውን ምስጢር ይሰማል። እኔ ግን እንደ ልቤ ቀስ ብዬ አወራለሁ። «ያንቺዋ አገር መስመሩ እንዴት ጥሩ ነው» ይሉኛል እማማ ዘይነባ። እኔም ሳልዘጋ እሷ እስክትዘጋ እጠብቃለሁ፤ የምትከፍለው እሷ ናት፣ ጊዜውም የእሷ ነው። ስጨርስ እማማ ዘይነባ ሁልጊዜ «ደህና ናት? አገሩ ይሞቃል?» ይላሉ። «ይሞቃል አለች» እላቸዋለሁ። ሳምንቴ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በዚያች ስልክ ነበር።

ስለ አውሮፕላኑ ግን ልቤ አላረፈም። በዚያ ዘመን አረብ አገር የሄዱ ልጆች ወሬ ጥሩ አልነበረም፤ አንዳንዷ ትጠፋለች፣ አንዳንዷ በሣጥን ትመለሳለች። ባለቤቱን ባውቅ እህቴን ማን ተረክቦ እንደወሰዳት አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ጊዜ ስጠይቃት ደግሞ «የኩባንያ ነው» አለችኝ፤ ሼኩን ረስታዋለች። የራስዋ ጉዳይ በዝቶባት ነው ብዬ አለፍኩት። ባንዲራ ሁሉ የተሣለበት መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ሰማሁና የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ሄድኩ። ከባንዲራዎቹ በአንዱም ላይ ሚዶ የለም። ከሥሩ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ደግሞ የማየውን እንኳ አላውቀውም። ሠራተኛዋ አዝናልኝ ማንበብ ብትጀምርልኝም አላስጨረስኳትም። ሰው ሲያነብልኝ አፈርኩ።

በዚያው ዓመት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። መምህሩ መጀመሪያ ቀን የአንዷ ተማሪ እናት መስዬው «እርስዎ ልጅዎን ውጭ ይጠብቁ» ብሎኛል። ልጆቹ «እትዬ ሚዶ» ይሉኝ ነበር፤ ለጂኦግራፊ አስተማሪው ያን ጭራ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ የየት አገር እንደሆነ ስለጠየቅሁት ነው። እሱም አላወቀውም። ግን ካርታ ማንበብ አስተማረኝ፤ ካርታው ወደ ታሪክ፣ ታሪኩ ወደ ሌላ ሌላው መጽሐፍ አሻገረኝ። ቀን እጄ በረኪና ውስጥ፣ ማታ ዓይኔ መጽሐፍ ላይ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ሚዶዋን አላገኘኋትም፤ ሌላ ብዙ ነገር ግን አገኘሁ። ለሮማን በስልክ ስነግራት «እታለም፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች። እስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ስናወራ አውሮፕላን በሱቁ በላይ አለፈ። አንዳንዶቹ ዞረው ሲያልፉ መንገዳቸው በእኛ በላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የእማማ ዘይነባ ሚዛን ሳህኖች ይንቀጫቀጫሉ። ከሥሩ የኖርን ሰዎች ድምፁ እስኪያልፍ ንግግራችንን መሐል ላይ አቁመን መጠበቅ ልማዳችን ነው። አቆምኩ፤ አለፈ፤ ቀጠልኩ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ ሲቆይ ያው ድምፅ በስልኩ ውስጥ ከሩቅ መጣ፣ በረታ፣ ጆሮዬን ሞላው። ሮማንም መሐል ላይ አቆመች። እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም። የማዳም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው» አለችኝ።

ለእኔ፤ ለልብስ አጣቢዋ። ማሽን እንዴት እንደሚጮኽ ለማውቀው ሰው።

ቶሎ አላመንኩም። ጆሮዬ ነው አልኩ፤ የመስመሩ ነገር ነው አልኩ። በደንብ ያላየሁትን አየሁ አልልምና ሌላ እሑድ ጠበቅሁ። አውሮፕላን ሳያልፍ ቀረ። ሌላ ጠበቅሁ። አለፈ፤ አሁንም መጀመሪያ በእኔ በላይ፣ ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ። ሱቁ በር ላይ ብቅ ብዬ ያለፈበትን አየሁ፤ ከካዛንቺስ ወደ ለገሃር፣ ከለገሃር ወዲያ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ከድምፅዋ ጀርባ ሁልጊዜ የምሰማው የብረት ቅጥቀጣ ትዝ አለኝ። አረብ አገር ፎቅ የሚሠሩ መስሎኝ ነበር። ቡልጋሪያ ሰፈር ደግሞ ጋራዡ እሑድንም አያርፍም።

በዕረፍት ቀኔ ወደዚያ ሄድኩ፤ አላገኘኋትም፤ ደግሜ ሄድኩ። በመጨረሻው ቀን አንድ ትልቅ ጋራዥ አጠገብ ካለ የብረት በር ወጣች። ወፈር ብላለች፤ ያምርባታል። የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዛለች። ልጅቱ የእናታችንን ግንባር ይዛ ተወልዳለች። እኔ ቆሞ ሰው ከሚጭን ታክሲ ጀርባ ነበርኩ፤ አልጠራኋትም። ሲርቁ እዚያው ሽንኩርት ከምትሸጥ ሴት ፊት ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ቁጢጥ አልኩ።

«ያቺ ልጅ የያዘችው ማን ናት?» አልኳት።

«እሷ? የጋራዡ ባለቤት ምራት ናት። ጨዋ ናት፤ ግን ሰው የላትም።»

«ጭራሽ?»

«አንዲት እህት አለቻት ይላሉ፤ ውጭ አገር ናት። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ አሉ። ሽማግሌ ሲላክ እንኳ እንደ ቤተሰብ ሆኖ የተቀበለላት ያስተማራት መምህር ነው።»

«ለሰርጉስ እህትየዋ አልመጣችም?»

«አሠሪዎቿ ፈቃድ ከለከሏት መሰለኝ። ምን ታደርግ፣ የሰው አገር ነው። ኪሎ ላድርግልሽ?»

አድርጊልኝ አልኳት። ሽንኩርቱን ታቅፌ በእግሬ ወደ ቂርቆስ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ የተሳፈርኩት እኔ ነበርኩ። በካዛንቺስ ሮማን ውጭ አገር ናት፤ በቡልጋሪያ ደግሞ እኔ ውጭ አገር ነኝ። የበረኪናዋን እህት በአውሮፕላን ጭና ሰድዳ፣ በቦታዋ የምታኮራ እህት አስቀምጣለች። ሎሚውም ያን ጊዜ ገባኝ።

ማግባቷ አልቆረቆረኝም። ጋራዥ ያለው ቤተሰብ ማግባቷም ደስ ባለኝ ነበር። የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ እኔ ጣሪያ ላይ አንሶላ አጥፍ ነበር። ልጄ ነበረች። መልሱን መስጠት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ «እንመካከርበት» ብዬ መመለስ፣ ማስለመን፣ ከዚያ መስጠት። ያን ወንበር ሌላ ሰው ተቀመጠበት፤ እኔ ለሰማይ የትራስ ልብስ አውለበለብኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም። በቀጣዩ እሑድ ደወለች፤ «አገሩ እንዴት ነው?» አልኳት፤ «ይሞቃል» አለችኝ። ለእማማ ዘይነባ «ይሞቃል አለች» አልኳቸው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሰው ሞኝ ቢለኝ አይደንቀኝም፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነበር። ማወቄን ካወቀች አትደውልም፤ ካልደወለች ደግሞ ከእሷ የቀረኝ ነገር የለም። ድምፅዋን የማገኘው በውሸቷ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ውሸቱን እንደ ሕፃን አቅፌ አሳደግሁት። አንዳንዴ ከስልኩ ጀርባ ልጅቱ ስትስቅ እሰማለሁ። «የማዳም ልጅ ናት» ትለኛለች። «ስሟ ማነው?» ብዬ ስጠይቃት አንድ የአረብ ስም ትሰጠኛለች፤ ሳትጠራጠር።

በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ውጤቴ ጥሩ ሆኖ የቤተ መጻሕፍት ሥልጠና ወሰድኩና አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ሆቴሉን ተሰናበትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ወረቀት ወረቀት የሚል ሽታ ብቻ ቀረ። ሞባይል በየኪሱ መግባት ጀምሮ ነበር፤ ሮማን ግን አሁንም የምትደውለው በእማማ ዘይነባ ስልክ ነው፤ እኔም አሁንም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቁ በር ላይ እገኛለሁ። የሥራውን ነገር ስነግራት በጣም ደስ አላት። ያን ያህል የሞቀ ድምፅ ከእሷ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«ቤተ መጻሕፍት? የቢሮ ሥራ ማለት ነው እኮ እታለም። ጠረጴዛ አለሽ?»

«አለኝ።»

«በቃ እንደውም እኔም ልነግርሽ ነበር፤ ልመጣ ነው። ኮንትራቴ አልቋል። ከአንድ ሰው ጋርም ተዋውቄያለሁ፤ አዲስ አበባ ናቸው ቤተሰቦቹ፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። አሁንማ ባስተዋውቅሽ ደስ ይለኛል።»

«አሁንማ?» አልኳት።

«ማለቴ… ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ሚዛን ላይ ተቀምጬ እንደኖርኩና አሁን ገና እንደሞላሁ አወቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ውሸቷን ችዬው ነበር፤ ይህን ምሕረቷን ግን አልቻልኩትም። ሎሚ ሳይነካው በራሱ የለቀቀ ሽታ ሆኜ እንድገባ በሩ ሊከፈትልኝ ነው። ምን ልመልስላት እያልኩ ሳለ ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚዛኑ ሳህኖች ተንቀጫቀጩ። የስልኩ ሽቦ እስከፈቀደልኝ ድረስ ወደ በሩ ተስቤ ሰማዩን አየሁ።

«ሮማን» አልኳት፣ «ያዝኩ።»

«ምን?»

«ያዝኩ አልኩሽ። በጋራዡ በኩል ያለውን መስኮት ክፈቺው።»

እስትንፋሷ ይሰማኛል።

«በእኔ በላይ አልፏል» አልኳት። «አሁን አንቺ ጋ ይደርሳል። ክፈቺውና እዪው። ልጅሽም ትየው። የማን ነው?»

አቡነ ዘበሰማያትን በልቤ ማድረስ ጀመርኩ። ስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የብረት ቅጥቀጣው ነበር፤ ከዚያ የመስኮት መከፈት፤ ከዚያ ከሩቅ ድምፁ መጣ፣ በረታ፣ በላይዋ አለፈ። ሁለታችንም እንደ ልማዳችን እስኪያልፍ ጠበቅን። ሲርቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረች።

«አላውቅም፣ እታለም።»

«እኔም አላውቅም» አልኳትና ስልኩን አስቀመጥኩ። ከእሷ ቀድሜ ስዘጋ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ ዘይነባ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ቀና ሳይሉ «ደህና ናት? አገሩ ይሞቃል?» አሉኝ።

«እንደኛው ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «አሁን አውሮፕላን አለፈበት።»